«ማን ነገረህ?» — በዓሉ ግርማን ስናስታውስ የምንረሳው



ነገሬን በራሴ ላይ በሚያስቅ ገጠመኝ ልጀምር። ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ኮልፌ በሰፈራችን መድረሳ የምቀራ ደረሳ ሆኜ፣ አንድ ቀን ወደ መርካቶ ወረድኩ። አሮጌ መጻሕፍት መሬት ላይ ዘርግቶ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ስደርስ «ሐዲስ» የሚል ርእስ አየሁ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ በአማርኛ ተተርጉሞ ያገኘሁ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። በወጉ እንኳን ሳልከራከር ኪሴ ውስጥ ያለችውን ሰጥቼ፣ መጽሐፉን ብብቴ ሥር ወሽቄ፣ በእግሬ ወደ ኮልፌ ተመለስኩ።

ኡስታዛችን ተቀብለው ጥቂት ገጾች አነበቡ። ፈገግ አሉና «ይህ የሰው ስም ነው፤ የሰው ወግ ነው» አሉኝ። ደረሶቹ ሁሉ ሳቁብኝ። እሳቸው ግን መጽሐፉን አልወረወሩትም። የሽፋኑን ስም አይተው ሁለት ነገር ጠየቁኝ፤ «ይህ በዓሉ ግርማ የተባለው ሰው ማን ነው? ከማንስ ቀራ?»

መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ብዙ ሰው መልሶታል፤ ሁለተኛውን ግን የሚጠይቅ እንኳን አላጋጠመኝም። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግኩት ይህንኑ ነው።

በዓሉ ግርማ በመስከረም 1932 ዓ.ም. በኢሉባቦር ሱጴ ተወለደ። አባቱ ሕንዳዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። አዲስ አበባ መጥቶ በዘነበ ወርቅ፣ ቀጥሎም ከእኛ ሰፈር ብዙም በማይርቀው በጄኔራል ዊንጌት ተማረ። በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳለ የተማሪዎቹን «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» ጋዜጣ አዘጋጀ፤ ወደ አሜሪካ ተሻግሮም በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የፖለቲካ ሳይንስና የጋዜጠኝነት ትምህርት ቀሰመ። ሲመለስ በ«አዲስ ሪፖርተር» መጽሔት፣ በ«ኢትዮጵያን ሄራልድ» እና በ«አዲስ ዘመን» ጋዜጦች የአዘጋጅነትን ወንበር ያዘ፤ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆነ። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» የተባለውን ልብ ወለድ አሳተመ። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ ቅጂዎቹ ተሰበሰቡ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቤተሰቡ አስከሬን አላገኘም፤ መቃብሩ አይታወቅም።

ይህን ታሪክ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ጥቂት ነው። ስለ በዓሉ መታሰቢያ ሲጻፍ፣ በሬዲዮ ሲተረክ፣ በስብሰባ ሲወሳ የምንሰማው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው «ኦሮማይ»፣ ሁለተኛው መጥፋቱ። መኪናው የት ቆሞ ተገኘ? ማን ወሰደው? ማን አዘዘ? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። የሰው ነፍስ የጠፋበት ነገር ስለሆነ ሳይመለሱ ሊዘጉ አይገባም። እኔ የምነቅፈው መጠየቃቸውን ሳይሆን ከእነሱ ሌላ ጥያቄ አለመኖሩን ነው። ሰውየው ለብዙ ዓመታት ያለፈበት የጋዜጣ ጠረጴዛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ «በአዲስ ዘመንና በሄራልድ ዋና አዘጋጅነት አገልግሏል» ይባልና ወደ ልብ ወለዱ ይኬዳል። «አገልግሏል» ማለት ምን ማለት ነው? ማንን አረመ? የማንን ጽሑፍ መልሶ ሰጠ? ወጣቱ ሪፖርተር ከጠረጴዛው ፊት ሲቆም ምን ተምሮ ተመለሰ?

ውድ አንባቢ! በመድረሳ ያደገ ሰው ይህ ክፍተት ለምን እንደሚከነክነው ልንገርህ። በሐዲስ ዕውቀት ውስጥ ወሬው ብቻውን አይበቃም። ወሬው መትን ይባላል፤ ወሬውን ከአፍ ወደ አፍ ያስተላለፉት ሰዎች ሰንሰለት ደግሞ ሰነድ ይባላል። ዑለማዎቹ የእያንዳንዱን አስተላላፊ ታማኝነት፣ የማስታወስ ችሎታውን፣ ከማን ጋር እንደተገናኘና ከማን እንዳልተገናኘ መርምረው በትላልቅ ኪታቦች መዝግበዋል። መትኑ ምንም ቢያምር ሰነዱ ከተበጠሰ ሐዲሱ ደዒፍ ተብሎ ይመዘገባል። በአማርኛችንም «ሰነድ» ስንል የጽሑፍ ማስረጃ ማለታችን ነው።

የቂርአቱም ሥርዓት እንዲሁ ነው። በወሎ የቂርአት ቦታዎች ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሸኹ ፊት ይቀመጥና ያነባል። ሲሳሳት ይታረማል፤ የታረመውን በመስመሮቹ መካከልና በኅዳጉ ላይ ይጽፈዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ኢጃዛ ሲሰጠው ሸኹ ከማን እንደቀሩ፣ እኚያም ከማን እንደቀሩ አብሮ ይሰጠዋል። ስለዚህ አንድ ዓሊም ሲሞቱ የሚነገረው የጻፉት ኪታብ ብቻ አይደለም፤ ያቀሯቸው ደረሶችም በስም ይቆጠራሉ። አንድም ኪታብ ሳይጽፉ ያለፉ ሸኾች እስከ ዛሬ የሚታወቁት በዚህ ነው።

ጋዜጣ አዘጋጅ ማለት ደግሞ ከዚህ ሸኽ ጋር የሚመሳሰል ሰው ነው። ወጣቱ ጽሑፉን ይዞ ይቀርባል፤ እሱ ያርማል። ዋናው ነገር በአራተኛው አንቀጽ ተደብቆ እንደሆነ ወደ መጀመሪያው ያወጣዋል። «በቅርቡ» የሚለውን ሠርዞ «ቀኑ መቼ ነው?» ይላል። የሰው ስም በትክክል መጻፉን ያጣራል፤ የተወቀሰው ወገን መጠየቁን ያረጋግጣል። ጋዜጣው ሲታተም ግን ከጽሑፉ ሥር የሚወጣው የወጣቱ ስም ነው። የአዘጋጁ ሥራ የተሠረዘው ነው፤ የተሠረዘ ነገር ደግሞ አይታተምም። ለዚህ ነው አዘጋጅን ማስታወስ ደራሲን ከማስታወስ የሚከብደው። እኛም የከበደንን ትተን የቀለለንን መረጥን።

ስለ በዓሉ አዘጋጅነት የቀረልን ምስክር የትኛው ነው? እኔ ከራሱ መጻሕፍት የማነበው ሦስት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ያ እኔ በስህተት የገዛሁት መጽሐፍ ነው። በዓሉ በ1966 ዓ.ም. «የህሊና ደወል» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመ። መጽሐፉ ወጥቷል፣ ተሸጧል፣ ተነቧል። ሌላ ሰው ቢሆን ወደሚቀጥለው ሥራ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ያንኑ ታሪክ መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ አሰፋው፤ እንደገና ጻፈውና በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» ብሎ አወጣው። በሁለቱ መካከል 9 ዓመት አለ። ቀይ እስክሪብቶውን በሪፖርተሮቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በራሱ የታተመ መጽሐፍ ላይ የሚያነሣ አዘጋጅ ነበር ማለት ነው። ባለታሪኩ ሐዲስ ሳህሌ ወደ ሱጴ የሚሄድ መምህር መሆኑ ደግሞ እንደ እኔ ላለ አስተማሪ ሌላ ትርጉም አለው። ደራሲው ወደ ተወለደበት አገር የላከው መምህርን ነው።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገሩ ነው። ከእሱ በፊት ብርሃኑ ዘሪሁን፣ እሱም «የኢትዮጵያ ድምፅ» እና «አዲስ ዘመን» ጋዜጦችን ያዘጋጀ ሰው፣ አማርኛን በአጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። በዓሉም በዚሁ መንገድ ሄደ። ሰዎቹ ይነጋገራሉ፤ ነገሩ ይፈጥናል፤ አንባቢው ግሥ ፍለጋ ሦስት መስመር አይጓዝም። ይህ የጋዜጣ ቤት ትምህርት ነው። ቦታ ጠባብ ነው፣ ማተሚያ ቤቱ ይጠብቃል፣ አንባቢው ቸኩሏል፤ ስለሆነም ትርፍ ቃል አይፈቀድም። ሁለቱ ጸሐፊዎች በአንድ ሙያ ውስጥ ማለፋቸው በጽሑፋቸው ይታያል።

ሦስተኛው «ኦሮማይ» ነው። በ1974 ዓ.ም. ደርግ በኤርትራ የቀይ ኮከብ ዘመቻን ሲጀምር በዓሉ በፕሮፓጋንዳው ሥራ ወደ አስመራ ሄዶ ነበር። የልብ ወለዱ ተራኪ ፀጋዬ ኃይለማርያምም ጋዜጠኛ ነው። ቃሉ በአስመራ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ «በቃ፣ አለቀ» እንደማለት ነው። ብዙ ሰው መጽሐፉን ለፍቅር ታሪኩ ያነበዋል። እኔ ግን ሳነበው አንድ የጋዜጣ ሰው ይታየኛል፤ ቀን በሥራው የመንግሥቱን ዜና ሲያሰማምር የቆየ፣ ማታ ደግሞ ያየውን ሳይሠርዝ ለመጻፍ የተቀመጠ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያ ዘመን በአንድ ሕንጻ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀይ እስክሪብቶ ነበር። አንዱ የአዘጋጁ ነው፤ እውነቱ ጎልቶ እንዲታይ ትርፉን ይሠርዛል። ሌላው የሳንሱሩ ነው፤ እውነቱ እንዳይታይ ዋናውን ይሠርዛል። ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱን ግን ከወሎ የመጡ አባቶቻችን ያውቁታል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ፣ መንገድ ዳር ጀናዛ ሲሰለፍ፣ የአገሩ ጋዜጣ የሚገባውን ያህል አልጮኸም። ዓለም የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ባሳየው ፊልም ነው። ብርሃኑ ዘሪሁን ያንን ረሃብ «ማዕበል» በተባለው ልብ ወለዱ የጻፈው ከአብዮቱ በኋላ ነው። ጋዜጣው ያልያዘውን ልብ ወለዱ ያዘው። ሟቾቹን ግን አላስነሣቸውም።

በዓሉንም በዚሁ ሚዛን እንመዝነው፤ ውዳሴ ብቻ ከሆነ ትችት አይባልም። እሱ የመንግሥት ሰው ነበር። ከፍተኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ የዚያን ሥርዓት ድምፅ ያሰማው መሥሪያ ቤት ውስጥ ሠርቷል፤ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» የተባለው ልብ ወለዱም የአብዮቱን ቋንቋ ብዙ የተሸከመ ነው። መጻሕፍቱ በወንድና በሴት ግንኙነት ላይ የሚጽፉትንም አንድ ሙስሊም ወላጅ ሳያነብ ለልጁ አይሰጥም፤ አስቀድሞ ራሱ ያንብብ። ነገር ግን ሚዛን ሁለት ጎን አለው። ዝም ብሎ ቢኖር ወንበሩም ደመወዙም የእሱ ነበሩ። ያየውን ጻፈና ሁሉንም ከፈለ። ይህን መካድ ግፍ ነው። በአማርኛ ላነበቡት ብቻ ታውቆ የኖረው «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ2017 ዓ.ም. ለውጭው አንባቢ ደርሷል፤ አርባ ዓመት ያለፈው መጽሐፍ አሁንም የሚነግረው ነገር አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ሌላውን ስነቅፍ የራሴን ብደብቅ አላህ ያየኛል።

ሃያዎቹ ውስጥ ሳለሁ ስለ ኮልፌ ሙስሊሞች ኑሮ 9 ገጽ ጽሑፍ አዘጋጅቼ ወደ አንድ መጽሔት ወሰድኩ። አዘጋጁ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። በሳምንቱ ስመለስ ወረቀቴ ደም የፈሰሰበት መስሎ ቆየኝ። «ብዙ ሰዎች እንደሚሉት» ብዬ ከጻፍኩት አጠገብ «እነማን? ማን ነገረህ?» ተብሏል። «መላው የሰፈሩ ሕዝብ» ያልኩትን አክብበው «ቆጥረሃል?» ብለዋል። ስለ አንድ ነጋዴ የጻፍኩትን ክስ በሙሉ ሠርዘው «እሱን አነጋግረሃል?» ብለው ጽፈዋል። 9 ገጹ ሁለት ገጽ ተኩል ሆነ። ንዴቴ ለከት አልነበረውም። «ጽሑፌን ገደሉት» እያልኩ ወረቀቱን መንገድ ላይ ቀደድኩት።

ጽሑፉ በወጣ ጊዜ አባቴ፣ ፊደል በዕድሜያቸው የቆጠሩ ሰው፣ በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አነበቡት። «ገባኝ» አሉ። ቀደም ሲል ከጻፍኩት አንዱንም እስከ መጨረሻው አንብበውልኝ አያውቁም ነበር።

ያኔ ነው የቀደድኩት ምን እንደሆነ የገባኝ። ያ ወረቀት ኢጃዛዬ ነበር። ኪታቤ ኅዳግ ላይ ኡስታዜ ያረሙኝን እስከ ዛሬ በክብር አስቀምጫለሁ፤ የአዘጋጁን እርማት ግን ቀድጄ ጣልኩ። እሳቸው አሁን በሕይወት የሉም። ስማቸው በወረቀት ላይ እንዲወጣ አይወዱም ነበርና እኔም አልጠራውም። ነገር ግን ለደረሶቼ አንድ ነገር ሳስተምር «ይህን ከእኚህ ሰው ነው የተማርኩት» ብዬ የተናገርኩባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው። በዓሉን አጉድለው ያስታውሳሉ የምላቸውን ሰዎች እኔም እመስላለሁ።

ከ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ በኋላ በአገራችን ጋዜጣና መጽሔት እንደ እንጉዳይ ሲፈላ የእኛም ወገን «ቢላል»ን የመሳሰሉ መጽሔቶችን አነበበ። ብዙ ጽሑፍ ተጻፈ፤ ብዙ ብዕርም ታየ። ጥቂት እትም አውጥቶ የተዘጋውም ብዙ ነው። ሲዘጋ የጎደለን ገንዘብ ብቻ ነበርን? ገንዘብ የተገኘ ዕለት እንደገና የሚጀምረው አዲስ ወጣት ከዜሮ ነው የሚነሣው፤ የቀድሞው አዘጋጅ ምን ይጠይቅ፣ ምን ይሠርዝ እንደነበር የሚነግረው የለም። መድረሳችን ለብዙ መቶ ዓመታት ያልተቋረጠው ሸኹ ሲሞቱ የቀሩበት መንገድ በደረሳው ስለሚቀጥል ነው። በጽሑፉ ሥራ ግን ይህንኑ የራሳችንን ጥበብ አልተጠቀምንበትም።

«ይህ የጋዜጠኞች ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ለቤተሰብ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። መልሴን በሰፈራችን በሆነ ነገር ልስጥ።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዱ ተማሪዬ በሰፈሩ የቴሌግራም ቡድን ላይ የአንድ አባት ሞት ዜና አስተላለፈ። በሰዓታት ውስጥ ሴቶቹ እያለቀሱ ወደ ቤቱ ጎረፉ፤ ጎረምሶቹ ድንኳን ሊተክሉ ቋሚ ተሸከሙ፤ ለቀብሩም ወደ ኮልፌ መካነ መቃብር ሰው ተላከ። ሰውየው ግን ሆስፒታል ተኝተው ነበር፤ በሕይወት አሉ። የሞቱት ስማቸው ከእሳቸው ጋር አንድ የሆነ የሌላ ሰፈር ሰው ናቸው። ሚስታቸው ያን ዕለት የሆነችውን ያየ ሰው አይረሳም።

ልጁን ጠርቼ «ማን ነገረህ?» አልኩት። «ኡስታዝ፣ እኔ እኮ አልጻፍኩትም፤ ያስተላለፍኩት ብቻ ነው» አለኝ። ከልቡ ነው የተናገረው፤ ጥፋት የሠራ አልመሰለውም። የሐዲስን ሰነድ የቀራ ልጅ ነው። አስተላላፊ ምን ዓይነት ኃላፊነት እንዳለበት በዐረብኛ ይነግርሃል። ስልኩን ሲይዝ ግን ዕውቀቱ ኪታቡ ውስጥ ይቀራል።

ድሮ በጸሐፊውና በእኛ መካከል አንድ አዘጋጅ ነበር። ዛሬ ያ ወንበር በብዙ ቦታ ባዶ ነው፤ የእያንዳንዳችን ልጅ በኪሱ ማተሚያ ቤት ይዞ ይዞራል። ስለዚህ የአዘጋጁ ጥያቄ የግድ ወደ ቤታችን መግባት አለበት። ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ወሬ ይዞ ሲመጣ «እውነት ነው?» ብቻ አትበሉት፤ «ማን ነገረህ? እሱስ ከማን ሰማ? የተወራበትን ሰው ጠይቀሃል?» በሉት። አስተማሪዎች ሆይ! የተማሪያችሁን ድርሰት ስታርሙ ነጥብ ብቻ አትስጡ፤ ለምን እንደሠረዛችሁ ከጎኑ ጻፉለት። ወጣት ጸሐፊዎች! የታረመ ወረቀታችሁን እንደ እኔ አትቅደዱ።

መታሰቢያ የምትጽፉ ደግሞ፣ አንድ አዘጋጅ ሲሞት ልብ ወለዱንና አሟሟቱን ከተረካችሁ በኋላ አንድ አንቀጽ ጨምሩ። ጽሑፋቸውን ያረመላቸውን ሰዎች ፈልጉ፤ ምን እንደሠረዘባቸው፣ ምን ብሎ እንደመለሳቸው ጠይቁ። እንዲህ ያለ ምስክር ሰው በሕይወት ሳለ ካልተያዘ ከምስክሩ ጋር አብሮ ይቀበራል። ስለ በዓሉ ይህን ሊነግሩን ይችሉ የነበሩ ብዙዎች አልፈዋል፤ የቀሩትም ሸምግለዋል።

ያ ከመርካቶ የገዛሁት «ሐዲስ» አሁንም መደርደሪያዬ ላይ፣ ከኪታቦቹ በታች ባለው ረድፍ አለ። ባለፈው ሳምንት ያ የቴሌግራሙ ልጅ አየውና ዓይኑ በራ። «ኡስታዝ፣ የአማርኛ ሐዲስ አለዎት?» አለኝ። ሳቅኩ፤ አውርጄም ሰጠሁት። ገና ሳይገልጠው «ማን ጻፈው?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥቂት ዝም ብሎ ደግሞ «ከማን ተማረ?» አለ።

አልሐምዱ ሊላህ። ጥያቄውስ አልጠፋም።